ስሙ ገባ፣ ዕቃው ቀረ፦ በላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ ስለሚጓዘው ቢጫ ጀሪካን

ከአዲስ አበባ ወደ መስክ የሚወጣ ላንድክሩዘር በማለዳ ሲሰናዳ ያየ ሰው ነገሩን በደንብ ያውቀዋል። መኪናው ታጥቧል። ጎማው ተነፍቷል፣ ስኮርታው ታስሯል፣ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ በሩ ላይ ያበራል፣ ረጅሙ የሬዲዮ አንቴና ከፊት ይወዛወዛል። በመጨረሻ ሾፌሩ ከግቢው ጥግ ሦስት ቢጫ ጀሪካን ይዞ ይመጣል። ትናንት የምግብ ዘይት የነበረባቸው ናቸው። ክዳናቸው ስለሚያፈስ የፌስታል ቁራጭ ከሥሩ ገብቶ ተጠምዝዟል። በሲባጎ ከፖርቶመጋላው ጋር ይታሰራሉ። ቦታ ከጠበበ አንዱ ከኋላ ወንበር ሥር ይገባል። ከዚያ "በሉ እንሂድ" ይባላል።

ሚሊዮኖች የወጡበት መኪና፣ አምስት ነፍስ፣ ስልሳ ሊትር ነዳጅ። ነዳጁን ከሰዎቹ የሚለየው ደግሞ አንድ የፌስታል ቁራጭ ነው።

ተጨማሪ ነዳጅ ይዞ መጓዝ ጥፋት አይደለም። በዚህ አገር መንገድ ግዴታ ነው። ጥፋቱ ነዳጁ በምን እንደሚያዝ የመምረጡን ነገር ለሾፌሩ ዘዴና ግቢው ጥግ ለተገኘ ዕቃ መተው ነው። የነዳጅ ጀሪካን የመኪናው አካል ነው። መኪናውን የገዛ ጀሪካኑንም ይግዛ። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር እስከ ዛሬ መከራከሪያ መሆኑ ራሱ ያሳፍራል።

*ለምን ይጫናል?*

ቁጥሩን ማየት ይበቃል። 90 ሊትር የሚይዝ ታንክ ያለው የናፍጣ ላንድክሩዘር በአስፋልት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር እስከ 15 ሊትር ቢበላ፣ ሙሉ ታንክ 600 ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል። አስፋልቱ አልቆ አሸዋ፣ ጭቃ ወይም ድንጋያማ ዳገት ሲጀምር ግን ማርሹ ይወርዳል፣ ፍጆታው ወደ 20 እና 25 ሊትር ይወጣል። ያው 90 ሊትር ከ360 እስከ 450 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። የሚመለሱበትም ከዚሁ ነው። በደቡብ ኦሞ፣ በአፋር ወይም በሶማሌ ክልል የሚሠራ ሰው ቀጣዩ ከተማ ማደያ ቢኖረው እንኳ ማደያው ነዳጅ እንደሚኖረው እርግጠኛ አይደለም። "ነዳጅ የለም" የሚል ካርቶን ማደያ በር ላይ ተሰቅሎ ያላየ ተጓዥ የለም።

ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ማለት 40 ሊትር፣ በመጥፎ መንገድ ደግሞ ከ160 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በረሃ መሃል ቆሞ ከመቅረትና ቤት ከመግባት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ወላድ ይዞ ለሚመለስ የጤና መኪና ደግሞ ከዚህም በላይ ነው። የክርክሩ መነሻ እዚህ ላይ ነው፦ ሰው ጀሪካን የሚጭነው ስለሚወደው አይደለም። አማራጭ ስለሌለው ነው። አማራጭ የሌለውን ሰው "አትጫን" ማለት ቀልድ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው በምን እንደሚጭን ነው።

*"ሁሉም ጀሪካን ያው ነው"*

ያው አይደለም። ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

"ጀሪካን" የሚለው ቃል የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። "ጄሪ" የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመኖችን የሚጠሩበት ቅጽል ስም ነበር። "ካን" ማለት ጣሳ ነው። የጀርመን ጣሳ ማለታቸው ነበር። ዕቃውን ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ለሠራዊታቸው ሠሩት። 20 ሊትር ይይዛል። ሁለት የብረት ግማሾች እርስ በርስ ተበይደው የተሠራ ነው፣ ብየዳው ወደ ውስጥ ገባ ስላለ በቀላሉ አይመታም። ክዳኑ የሚጠመዘዝ አይደለም። በማንሻ ተጭኖ የሚቆለፍና ከሥሩ የጎማ ማሸጊያ ያለው ነው። መያዣው ሦስት ነው፦ በመሃለኛው አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል፣ በዳርና ዳሩ ሁለት ሰዎች ይጋሩታል፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለቱን ያነሳል። ከመያዣው ሥር ያለው ጉብታ አየር ስለሚይዝ ነዳጁ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ አለው። በጎኑ ያለው የመስቀል ቅርጽ ጌጥ አይደለም። ብረቱ ሲነፋና ሲኮማተር እንዳይሰበር ነው።

በዚያው ጊዜ እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ነዳጃቸውን በስስ የቆርቆሮ ጣሳ ያመላልሱ ነበር። ጣሳው በየጉድጓዱ ይሰነጠቃል፣ ስፌቱ ይፈታል። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ኦኪንሌክ ከመጋዘን እስከ ተጠቃሚው ድረስ ከነዳጁ 30 በመቶ ያህሉ በመያዣው ድክመት ምክንያት ይጠፋል ብሎ ገምቶ ነበር። ታንክና አውሮፕላን ያለው ሠራዊት በጣሳ ተሸነፈ ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። የእንግሊዝ ወታደር የማረከውን የጀርመን ጀሪካን እንደ ወርቅ ይጠብቅ ነበር። በኋላ ራሳቸው እንግሊዞቹ አስመስለው ሠሩት። አሜሪካኖችም ቀዱት፣ ግን "እናሻሽለው" ብለው ብየዳውን በታጠፈ ስፌት፣ ማንሻውን በሚጠመዘዝ ክዳን ቀየሩት። የቀየሩት ማፍሰስ ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዕቃውን ጀሪካን ያደረጉት ክዳኑ፣ ስፌቱና አየር የሚይዘው ቦታ ናቸው። የዘይት ፕላስቲክ ሦስቱም የሉትም። አገር ውስጥ የገባው ስሙ ብቻ ነው። ስሙ ገባ፣ ዕቃው ቀረ።

*ከቆላ ወደ ደጋ*

ይህ ጉዳይ በኢትዮጵያ ከሌላው አገር ይልቅ የከፋበት ምክንያት አለ፤ እሱም መልክዓ ምድሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ሰመራ 400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። የደናክል ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። አንድ መኪና በአንድ ቀን ጉዞ ይህን ሁሉ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ጀሪካኑ ላይ ምን ይደርሳል? አንደኛ፣ ቤንዚን ሲሞቅ ይለጠጣል። በአዲስ አበባ ማለዳ በ15 ዲግሪ እስከ አፍ ድረስ የተሞላ 20 ሊትር ቤንዚን አፋር ደርሶ 40 ዲግሪ ሲገባ ግማሽ ሊትር ገደማ ይጨምራል። ያ ግማሽ ሊትር የሚሄድበት ቦታ ከሌለ በክዳኑ ይወጣል። ሁለተኛ፣ የአየር ግፊት። ሰመራ ላይ ተዘግቶ አዲስ አበባ የደረሰ ጀሪካን፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ የውጪው ግፊት በአምስተኛ እጅ ገደማ ይቀንስበታል። በአንድ ሰፊ ጎኑ ላይ ብቻ ከውስጥ ወደ ውጪ የሚገፋው ኃይል ከሦስት ኩንታል ክብደት ጋር ይስተካከላል። ሦስት ኩንታል እህል በስስ ፕላስቲክ ላይ የተጫነ ያህል ማለት ነው። ቢጫው ጀሪካን እንደ ኳስ ተነፍቶ የሚታየው ለዚህ ነው። የተነፋ ዕቃ ደግሞ የሚተነፍሰው በደካማ ጎኑ፣ በፌስታሉ በኩል ነው።

የሚወጣው ፈሳሽ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ትነቱ ነው የሚገድለው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም። ወደ ታች ይወርዳል፣ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ በመስኮትና በበር ስንጥቅ ወደ መቀመጫው ይገባል። ማታ ድንኳን ተተክሎ፣ ጀሪካኖቹ ወርደው፣ አጠገባቸው ከሰል ተያይዞ ቡና ሲፈላ ያ ትነት በዝምታ ወደ ምድጃው ይሄዳል። ናፍጣ የተሻለ ነው፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ትነት ለመስጠት ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ግን ፀሐይ ላይ የዋለ የመኪና ጣሪያ ምን ያህል እንደሚግል እጁን ያሳረፈ ሰው ያውቃል።

*ቢጫው ሌላም ኃጢአት አለው*

ቢጫ ጀሪካን በዚህ አገር የውኃ ዕቃ ነው። በየገጠሩ፣ በየሰፈሩ፣ በየቦኖው የሚሰለፈው እሱ ነው። ሕፃን ልጅ ቢጫ ጀሪካን ሲያይ ውኃ ነው የሚያየው። መስክ ላይ ነዳጁ ወደ ታንክ ከተገለበጠ በኋላ ባዶው ጀሪካን ለመንደሩ ሰው "ውሰደው" ተብሎ ይሰጣል። እንደ ደግነት ይቆጠራል። ፕላስቲኩ ግን ነዳጅ ጠጥቷል። በሳሙናም በአመድም ቢታጠብ አይለቅም። በዚያ ዕቃ ውኃ የሚጠጣ ቤተሰብ አለ።

በሌላው ዓለም ቀለም ቋንቋ ነው። በአሜሪካ ቀይ የቤንዚን፣ ቢጫ የናፍጣ፣ ሰማያዊ የነጭ ጋዝ ነው። እዚህ ዘይቱም፣ ውኃውም፣ ናፍጣውም፣ ቤንዚኑም፣ ላምባውም ቢጫ ነው። በጨለማ፣ በድካም፣ በችኮላ የናፍጣ ሞተር ውስጥ ቤንዚን የገባባቸው ስንት መኪኖች እንዳሉ ጋራዦች ይመስክሩ።

ነዳጁ ከቢጫው ወደ ታንክ የሚተላለፍበትም መንገድ የባሰ ነው። አፍ የሌለው፣ ማንቆርቆሪያ የማይገጥምለት ዕቃ ስለሆነ ሾፌሩ ጎማ ከቶ በአፉ ይስባል። አንዳንዴ ነዳጁ ከጎማው አልፎ ወደ ጉሮሮው ይሄዳል። ነዳጅ በጨጓራ ካለው ይልቅ በሳንባ ሲገባ አደገኛ ነው፣ ጥቂቱ እንኳ ሳንባን ያቆስላል። ለዚህ ነው የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ ማድረግ ክልክል የሆነው፣ ሲወጣ ዳግም ወደ ሳንባ ይገባልና። "ወተት አጠጡት፣ ይተፋዋል" የሚለው የመንገድ ሕክምና ሰው ይገድላል። መፍትሔው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በፊት ያለው መፍትሔ ደግሞ ማንቆርቆሪያ አፍ ያለው ጀሪካን ነው።

*ታዲያ የቱ ይገዛ?*

ምርጫው ሁለት ነው፦ ለነዳጅ የተሠራ ብረት ወይም ለነዳጅ የተሠራ ወፍራም ፕላስቲክ። በሁለቱ መካከል ያለው ክርክር ጨዋ ክርክር ነው። ሁለቱም ቢጫው አይደሉም።

ብረቱ ከመኪናው አካል ጋር ሲፋተግ በቀላሉ አይበሳም፣ ፀሐይ አያደርቀውም፣ ትነት አያሳልፍም። ጉድለቱ ዝገት ነው። ስለዚህ ውስጡ የተቀባ መሆን አለበት፣ ለወራት ባዶውን ክዳኑ ተከፍቶ ዝናብ ላይ መተው የለበትም። ከነዳጁ ጋር 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ባዶው 4 ኪሎ አካባቢ ነው። ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን ሲያነሱት እንደ ጣሳ የቀለለ ከሆነ አስመስለው የሠሩት ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ይመለስ።

ለነዳጅ የተሠራው ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ አይዝግም። ነገር ግን ፀሐይ ያረጀዋል፣ ከብረት ጋር በተፋተገ ቁጥር ይሳሳል። በዓለም አቀፉ የአደገኛ ዕቃዎች ማጓጓዣ ደንብ የፕላስቲክ ጀሪካን የአገልግሎት ዘመን ከተመረተበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ነው። የተመረተበት ወርና ዓመት እንደ ሰዓት ገጽ በክብ ተቀርጾ ይገኛል። ቀኑ የሌለበት አይገዛም፣ ቀኑ ያለፈበት አይጫንም።

በሁለቱም ላይ የሚፈለገው ማኅተም አንድ ነው፦ በክብ ውስጥ የተቀረጹት "ዩ" እና "ኤን" የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች። ከጎኑ ለብረቱ 3ኤ1፣ ለፕላስቲኩ 3ኤች1 የሚል ምልክት ይከተላል። ቀጥሎ "ኤክስ" ወይም "ዋይ" የሚል ፊደል ካለ ለቤንዚን ይሆናል። "ዜድ" ብቻ ካለ ለናፍጣ እንጂ ለቤንዚን አይሆንም። ይህን ማንበብ መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የግዥ ክፍል ሠራተኛ ለወረቀትና ለቶነር ከሚያወጣው ዝርዝር መግለጫ ያንሳል።

ማኅተሙም አስመስሎ ሊቀረጽ ይችላል የሚል ካለ ትክክል ነው። ለዚህም ዘዴ አለ። ከመስክ በፊት አንድ ሊትር ናፍጣ ጨምሮ፣ ክዳኑን ቆልፎ፣ ካርቶን ላይ ገልብጦ ማሳደር። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ነጠብጣብ ካለ ዕቃው ወደ ሻጩ ይመለሳል። መርካቶ ላይ በዓይን ከመከራከር ካርቶኑ ይፍረድ።

*የት ይታሰር?*

ፍጹም የሆነ ቦታ የለም፣ ፍጹም የተሳሳተ ቦታ ግን አለ፦ ሰው ከሚቀመጥበት ጋር። የኋላ ወንበር ሥር፣ ሻንጣ መሃል፣ የእግር መረገጫ ላይ ነዳጅ አይቀመጥም። ትነቱ ያደነዝዛል፣ ግጭት ሲመጣ ደግሞ ሳጥኑ በሙሉ እሳት ይሆናል።

ጣሪያው የሚመረጠው ትነቱ ስለሚበተን ነው። ዋጋው ሚዛን ነው። ስድስት የብረት ጀሪካን ናፍጣ 125 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ያህል ክብደት ጣሪያ ላይ የጫነ መኪና ጎን ዘንበል ባለ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚወላገድ ሾፌሮች ያውቁታል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ሁለት፣ እሱም በብረት ማቀፊያ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በሲባጎ ሳይሆን በጠፍር የታሰረ። ከኋላ በር ላይ መስቀል ለማውረድ ይመቻል፣ ግን ከኋላ የሚመጣ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ፒካፕ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፣ ከጋቢናው ጀርባ ግድግዳውን አስደግፎ ማሰር ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ ግን ታንኩ ነው። ታንኩ 20 ሊትር የሚቀበል ቦታ እንዳገኘ ቆሞ መገልበጥ፣ ባዶውን ተሸክሞ መሄድ። መጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ፣ ትንሽ ይብረድ፣ ሲጋራ ይራቅ፣ ክዳኑ በዝግታ ተከፍቶ ግፊቱ ይውጣ። ማደያ ላይ ሲቀዳም ጀሪካኑ መሬት ላይ ወርዶ ነው። የፒካፕ ጭነት ላይ፣ በተለይ ፕላስቲክ ወይም ምንጣፍ በተነጠፈበት፣ የሚቀዳ ጀሪካን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያመነጭ ይችላል፣ ክፍያው ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ የለውምና። አፉ ድረስም አይሞላም። ባዶ ጀሪካን ደግሞ ከሙሉው ያነሰ አደገኛ ነው ብሎ ብየዳ ቤት የሚወስድ ሰው ተሳስቷል። የቤንዚን ጀሪካን ባዶ ሲሆን በትነት የተሞላ ነው፣ የሚፈነዳውም ትነቱ ነው።

*ክልከላው ማንን ያዘ?*

እዚህ ላይ መንግሥትም ይጠየቅ። በየማደያው "በጀሪካን መቅዳት ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ አለ። ምክንያቱ ይታወቃል። ነዳጅ ከውጪ በውጭ ምንዛሪ ይገባል፣ በጀሪካን እየወጣ በየመንደሩ በእጥፍ ይቸረቸራል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅም በሕገወጥ ንግዱ ላይ ቅጣቱን አክብዷል። ቸርቻሪውን መቆጣጠር ተገቢ ነው፣ በዚህ ላይ ጠብ የለም።

ጠቡ ክልከላው ዕቃን ከዕቃ አለመለየቱ ላይ ነው። "እሳት ካየው ምን ለየው" እንደሚባለው፣ ደንቡ ማኅተም ያለውን የብረት ጀሪካንና የዘይቱን ፕላስቲክ አንድ አድርጎ ያያል። ውጤቱ ምንድን ነው? ሕጋዊ ሥራ ያለው መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያጽፋል። ደብዳቤው ላይ የሰሌዳ ቁጥር አለ፣ የሊትር መጠን አለ፣ ማኅተምና ፊርማ አለ። ነዳጁ በምን ዓይነት ዕቃ እንደሚቀዳ ግን ቃል የለም። ቀጂው ደብዳቤውን አይቶ በቢጫው ይሞላል። ደብዳቤ ያላገኘው ደግሞ ከጥቁር ገበያ በቢጫው ይገዛና ከፍተሻ ለመደበቅ ከወንበር ሥር ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ነዳጁን ከጣሪያ አውርዶ ሰው መሃል የከተተው ክልከላው ነው። ደኅንነትን የማይጠይቅ ክልከላ አደጋውን አያጠፋውም። ከዓይን ያርቀዋል እንጂ።

*"እስከ ዛሬ ምን ሆንን?"*

ይህን የሚሉ ብዙ ናቸው። "ሃያ ዓመት በቢጫው ስንጭን ምን ሆንን?" መልሱ ቀላል ነው፦ የሆነው ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ከመንገድ ዳር የተቃጠለ የመኪና አጽም ያየ ሰው መንስኤውን አይጠይቅም፣ አልፎ ይሄዳል። በየጋራዡ "የኤሌክትሪክ ችግር ነው" ተብሎ ይዘጋል።

"ደህናው ጀሪካን ውድ ነው፣ ዶላር ይጠይቃል" የሚሉም አሉ። ውድ ነው። ግን ከምን ጋር ሲነጻጸር? ከአንድ ጎማ ጋር? ከፊት መብራቱ ጋር? ለመኪናው ውስጥ ምንጣፍና ለወንበር ልብስ ገንዘብ የተገኘበት በጀት ለሁለት ጀሪካን ሲሆን ይደርቃል። ደህና የብረት ጀሪካን በአግባቡ ከተያዘ መኪናውን ተከትሎ ዓመታት ይኖራል። ፈስሶ የሚጠፋው ነዳጅም በዚህ ዋጋው ቀላል ገንዘብ አይደለም። "ለላም ቀንዷ አይከብዳትም" ይባላል። ለላንድክሩዘርም ጀሪካኑ ሊከብድ አይገባም።

ሦስተኛው ክርክር "መኪናው ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው" የሚል ነው። በከተማ ይሁን። ቻርጅ ማድረጊያ ቀርቶ መብራት በሌለበት ቆላ ግን የክትባት ሳጥን የሚያደርሰው፣ የጉድጓድ ቆፋሪ ቡድን የሚወስደው፣ ጎብኚ የሚያጓጉዘው ገና ለብዙ ዓመት ናፍጣ ነው። ነገ ስለሚመጣው መኪና ማውራት ዛሬ ስለሚቃጠለው ዝም ለማለት ምክንያት አይሆንም።

በእነዚህ ክርክሮች ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው ተረስቷል፦ ሾፌሩ። ቢጫውን የመረጠው እሱ ነው ይባላል። አልመረጠም። "አርባ ሊትር ተጨማሪ ያዝ" ተባለ፣ የሚይዝበት አልተሰጠውም። ካልያዘ መንገድ ላይ ቀርቶ ይወቀሳል፣ ከያዘና አደጋ ከደረሰ "በራሱ ግድየለሽነት" ተብሎ በሪፖርት ይጻፍበታል። በክዳኑ ሥር ፌስታል ያደረገው፣ የሚያፈሰውን ስፌት በሳሙና የለቀለቀው ስለማያውቅ አይደለም። ካለው ዕቃ የተሻለውን ለማድረግ ሲታገል ነው። ያ ብልሃት ሊመሰገን ይገባል፣ ግን የኃላፊዎች ስንፍና መሸፈኛ መሆን የለበትም።

*ምን ይደረግ?*

የሚጠየቀው ትንሽ ነው።

1. የመስክ መኪና ያለው መሥሪያ ቤት፣ ድርጅትና አስጎብኚ ሁሉ ለእያንዳንዱ መኪና ማኅተም ያላቸው ሁለት የነዳጅ ጀሪካኖች፣ ማቀፊያ፣ ማንቆርቆሪያ አፍና የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይግዛ። በመኪናው ንብረት ዝርዝር ውስጥ እንደ ክሪክና እንደ ስኮርታ ይመዝገቡ። ሾፌሩ መኪና ሲረከብ አብሮ ይረከብ።

2. የድጋፍ ደብዳቤው ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ነዳጁ የሚቀዳው በምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ። ዕቃው ያልተጠቀሰበት ደብዳቤ አይፈረም።

3. የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንና የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ማደያዎች የሚቀበሉትን ዕቃ በሥዕል ጭምር በግልጽ ያስታውቁ። ቀጂው "ክልክል ነው" ብቻ ሳይሆን "በዚህ ዕቃ አይቀዳም፣ በዚያኛው ይቀዳል" ማለት ይችል።

4. የመስክ ተጓዡም፣ ሐኪም ይሁን መሐንዲስ ወይም ጋዜጠኛ፣ ከመሳፈሩ በፊት ቀና ብሎ ጣሪያውን ይይ። ቢጫ ካየ ይጠይቅ። ወንበሩ ሥር ካገኘ አይሳፈር። ሾፌሩ ብቻውን ከአለቃው ጋር መከራከር የማይችለውን ተሳፋሪው ይከራከርለት።

አባቶች "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት ለዚህ ዓይነት ነገር ነው። ቅጠሉ እዚህ ላይ ሁለት የብረት ጀሪካን ነው። ከሁለት የውሎ አበል ፊርማ የማይበልጥ ውሳኔ ነው። ነገ ማለዳ በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ሾፌር ከጥግ ቢጫ ጀሪካን ሊያነሳ ሲሄድ፣ የግዥ ኃላፊው በመስኮት አይቶት ያልፍ ይሆናል። ካለፈው፣ በክዳኑ ሥር ያለውን ፌስታል ያስገባው ሾፌሩ ነው ብሎ ሊናገር አይችልም። ያስገባው እሱ ነው።